«ቄስ ላትሆን ዶክትሬቱ ምን ያደርግላታል?» ላሉት ጸሐፊ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁን ከሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ በስልኬ ነው የማነበው፣ ብዙውን ጊዜ አንብቤ ዝም እላለሁ፣ ያሁኑን ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ባለፈው እትም አንድ ጸሐፊ አሜሪካ ሄደው በምክር አገልግሎት ዶክትሬት ስለሚይዙ እህቶች አንስተው፣ ቅስና የማትቀበል ሴት ነገረ መለኮት እስከ ፒኤችዲ ድረስ ብትማር ለቤተክርስቲያን ምን ትፈይዳለች፣ ነገሩ መስቀል ያጠለቀ ሳይኮሎጂ ነው፣ የሴቶች መንፈሳዊነት የሚባለውም ከፈረንጅ ፌሚኒዝም የተቀዳ ነው ብለው ደመደሙ። ከመጀመሬ በፊት ልናገር፣ እኔ ፒኤችዲ የለኝም ለመያዝም አላሰብኩም፣ ሆስፒታል ውስጥ ቻፕሊን ነኝ (ለታማሚና ለቤተሰቡ መንፈሳዊ እንክብካቤ የሚሰጥ ሠራተኛ)፣ ስለዚ ለራሴ ወንበር እየተከራከርኩ አደለም። የነዛን ሴቶች ጽሑፍ አንብቤ ነው በየቀኑ የታማሚ ክፍል የምገባው፣ ለዛ ነው ዝም ያላልኩት።

ከየት መጣ ላሉት ልጀምር (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አንቶን ቦይሰን የሚባል አሜሪካዊ ፓስተር በ1920 አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገባ። ሲሻለው፣ ያለፈበትን ነገር ሐኪሞቹም የሃይማኖት ሰዎቹም እንዳልተረዱት አየና እዛው ሙያ ውስጥ ገባበት፣ በ1924 ማሳቹሴትስ ውስጥ ዎርስተር በሚገኘው የአእምሮ ሆስፒታል ቻፕሊን ሆነ፣ በዓመቱ በ1925 ሰመር ላይ የሴሚናሪ (የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት) ተማሪዎችን ወደ ሆስፒታሉ አመጣ። ሐሳቡ አጭር ነው፣ መጽሐፍ ብቻ አታንብቡ፣ ታማሚው ራሱ ሕያው ሰነድ ነው እሱንም አንብቡት ነው ያላቸው። እዚህ አገር ፓስቶራል ካውንስሊንግ (የእረኝነት ምክር) የሚባለው ትምህርትና የሆስፒታል ቻፕሊኖች ሥልጠና በአብዛኛው ከዛ ነው የሚመዘዘው።

ጸሐፊው ያልነገሩን ነገር፣ ወይ ያላወቁት፣ ከነዛ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ሴት ነበረች። ሄለን ፍላንደርስ ደንባር ትባላለች፣ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ። በ1927 ኒውዮርክ ካለው ዩኒየን ሴሚናሪ የነገረ መለኮት ዲግሪዋን ወሰደች፣ በ1929 ከኮሎምቢያ በመካከለኛው ዘመን ተምሳሌትና በጣሊያናዊው ባለቅኔ በዳንቴ ላይ ፒኤችዲዋን፣ በ1930 ደግሞ ከዬል በሕክምና ተመረቀች። ከዛ በሰውነት ሕመምና በስሜት መሀል ያለውን ግንኙነት የሚያጠናው ሙያ እንዲቆም ካደረጉት ሰዎች አንዷ ሆነች፣ በ1939 የሙያውን መጽሔት ከመሠረቱት ነች። ይሄ ሁሉ ሲሆን ቅስና የሚባል ነገር የላትም። እና ፌሚኒዝም ያመጣው ነው በሚሉት ትምህርት ክፍል ውስጥ፣ ፌሚኒዝም ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ በፊት ሴት ተቀምጣ ነበር።

ደግሞ የቻፕሊን ሥልጠናው እንዴት እንደሆነ ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ቁጭ ብሎ አይዞሽ ማለት ይመስለዋል። ሥልጠናው የሚቆጠረው በዩኒት ነው፣ አንድ ዩኒት ማለት ቢያንስ 400 ሰዓት ነው፣ አብዛኛው ከታማሚ ጋ፣ ቀሪው ከሱፐርቫይዘርና ከግሩፕ ጋ፣ ለሙሉ የሙያ ማረጋገጫ ደግሞ አራት ዩኒት ይጠየቃል። ተማሪው ከታማሚ ክፍል ሲወጣ የተባባሉትን ቃል በቃል ከትዝታ ይጽፈዋል፣ እሷ ምን አለች፣ እኔ ምን አልኩ፣ የት ላይ ዝም ተባለ፣ ማን ዓይኑን ወደ መስኮት አዞረ። ከዛ ወረቀቱ ግሩፑ ፊት ይነበባል፣ ሱፐርቫይዘሩ ጣቱን አንድ መስመር ላይ ያሳርፍና እዚህ ጋ ጸሎት እናድርግ ያልከው እሷ ጸሎት ፈልጋ ነው ወይስ አንተ ለቅሶዋን መሸከም ከብዶህ ነው ይለዋል። እመኑኝ፣ ስብከት ለምዶ ለመጣ ሰው ከባድ ነው። እኔ ያየሁት አንድ የጎለመሱ ፓስተር እዛች ጥያቄ ላይ ላብ ሲያጠምቃቸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ሴቶች እዚህ ሙያ ውስጥ ገብተው ምን አመጡ? ብዙ አለ ግን እኔ አንዷን ብቻ ነው የማነሳው። ቫለሪ ሴቪንግ በ1960 አንድ ጽሑፍ አወጣች፣ የነገረ መለኮት ተማሪ ነኝ፣ ሴትም ነኝ ብላ ነው የምትጀምረው። የምትለው ይሄ ነው፣ የዘመኑ ታላላቅ መምህራን ኃጢአት ማለት ትዕቢት ነው፣ ራስን ከፍ ማድረግ ነው፣ መድኃኒቱም ራስን መካድ ነው እያሉ ያስተምራሉ፣ ይሄ ግን ከወንድ ሕይወት የተነሳ ትንታኔ ነው፣ ብዙ ሴት የምትፈተነው በትዕቢት ሳይሆን ራሷን በማጣት ነው፣ ለሰው ስትበታተን የራሷ የምትለው ነገር እስኪጠፋ ድረስ። እንደዚች ዓይነቷን ሴት ራስሽን ካጂ ማለት ሕመሟን እንደ መድኃኒት መልሶ ማጠጣት ነው።

ይሄን ያነበብኩ ቀን ያየሁት የናታችንን ትውልድ ነው። ጸሐፊው እንዲያስቡት እፈልጋለሁ፣ አራት ልጅ አሳድጋ፣ የባሏን እናት አስታማ፣ ራት ቀርቦ የተረፈውን ቆማ የምትጎርስ ሴት ንስሐ ስትገባ አባ ትዕቢት አለብኝ ትላለች እኮ። የምን ትዕቢት? የሰማችው ኃጢአት እሱ ስለሆነ ነው። አባትየውም ደግ ሰው ሆነው ሳለ ስገጂ፣ ታገሺ፣ ጹሚ ይሏታል፣ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትታገስ የኖረች ሰው። ማንም ክፉ አልሆነም፣ ግን ሰሚ አላገኘችም።

ይሄ ትርፍ የምሁር ጨዋታ አይምሰላችሁ። የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 ከመቶዎቹ በባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይ ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። እኔን የባሰ ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ (ወጥ ብታሳርር፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ብትከራከረው ምናምን) ያሉት ሴቶች 63 ከመቶ ሲሆኑ ወንዶቹ 28 ከመቶ ናቸው። ደግማችሁ አንብቡት። ተመቺዋ ከመቺው በላይ ዱላውን ትክክል ነው ብላ ተቀብላለች። ይሄን ሕግ ብቻውን አይፈታውም፣ ፖሊስም አይፈታውም፣ ሴትዮዋ ስለ ራሷና ስለ እግዜር ያላት ሐሳብ ውስጥ ነዋ ያለው። ታዲያ እዛ ውስጥ የሚገባ ትምህርት የማነው ሥራ? ጸሐፊው አይጠቅምም ያሉት የትምህርት ዘርፍ ሥራ ነው።

እንዲህ ስል ቤተክርስቲያን ድብደባ አስተምራለች እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የቆሮንቶስን መልእክት ሲተረጉም ሚስትን መምታት ለመቺው ራሱ ውርደት ነው፣ ለአገልጋይ እንኳ የማይገባ ነው ብሎ ገስጿል፣ ያውም በአራተኛው መቶ ዘመን። ሀብቱ አለ፣ ሰው ጆሮ አልደረሰም ነው ነገሩ። እና ይሄን አገር ቤት ሄዶ ያጠናው ማን መሰላችሁ? ሮሚና ኢስትራቲ የምትባል ለንደን ሶአስ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ የሠራች ምሁር ናት። አክሱም አካባቢ ገጠር ገብታ ከሴቶቹም ከካህናቱም ጋ ተቀምጣ ትዳርን፣ እምነትንና የቤት ውስጥ ጥቃትን አጠናች፣ በ2020 መጽሐፏ ወጣ፣ በዛው ዓመት «ድልድል» የሚባል ፕሮጀክት ጀመረች፣ ከኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን የልማት ኮሚሽን ጋ ሆነው ካህናት ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት እንዲሰለጥኑ አድርገዋል። እግዜር ይስጣት፣ ሥራው ጥሩ ሥራ ነው። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፣ የአፈወርቅን ድርሳን አንስቶ የኛ ካህን ፊት ለማስቀመጥ ለምንድነው ሰው ከለንደን የሚመጣው? ግዕዙንም ትዳሩንም የምታውቅ የኛ ሴት ምሁር የት ሄደች? መልሱን ጸሐፊው ራሳቸው ጽፈውታል፣ ቄስ ላትሆን ምን ያደርግላታል ተብላ ቀረች።

ከሥራዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሰው እንዳይለይ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ። የማዋለጃ ክፍል ደውለው ጠሩኝ፣ አበሻ እናት፣ ልጁ ሞቶ ነው የተወለደው። እዚህ አገር ነርሶቹ ሕፃኑን በሆስፒታሉ ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ የእግሩን አሻራ በቀለም ካርድ ላይ አትመው፣ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ከኮፍያው ጋ ያስቀምጡላታል። አማቷ አልጋው ራስጌ ቆመው አትይው፣ ካየሽው አይወጣልሽም፣ ሌላ ትወልጃለሽ ይላሉ፣ ባልየው በር ላይ ስልክ ይነካካል። እናትየዋ እኔን ስታይ ያለቀሰች አይምሰላችሁ፣ ሦስት ነገር ነው የጠየቀችኝ። ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ልጅ የት ነው? ቤተክርስቲያን የምገባው አርባ ቀን ነው ወይስ ልጅ ስለሌለኝ የለብኝም? ሦስተኛው፣ እሱን ዝቅ አድርጋ ነው የጠየቀችው፣ እኔ ምን አድርጌ ነው? እኔ ካህን አደለሁም፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የንስሐ አባቷን ነው የምትጠይቀው አልኳት ደውዬም አገናኘኋቸው። ሦስተኛው ላይ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ ስም አውጥታችሁለት ነበር ወይ አልኳት፣ ከዛ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እሷ ናት ያወራችው። አማቷም እየቆዩ ቁጭ አሉ፣ ለካ እሳቸውም በወጣትነታቸው እንዲሁ የሆነባቸው ልጅ አለ፣ ለማንም ነግረው አያውቁም።

ስም አውጥታችሁለት ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ ያገኘሁት ከራሴ ጥበብ አደለም፣ ተጽፎ ስላነበብኩት ነው። ደርሶባቸው ያለፉ፣ ከዛ የመረመሩት፣ ከዛ ክርክር ላይ ያቀረቡት፣ ተማሪ ያስተማሩት ሴቶች ስላሉ ነው። ለምሳሌ ቦኒ ሚለር-ማክለሞር ናሽቪል ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ስታስተምር የቆየች የፕራክቲካል ቲዎሎጂ ፕሮፌሰር ናት፣ የሦስት ወንዶች ልጆች እናት። ቦይሰን ሕያው ሰነድ ያለውን ወስዳ ሰውየውን ብቻውን አታንብበው፣ ያለበትን ሕያው ድር አንብብ አለች፣ ቤተሰቡን፣ ድህነቱን፣ ሕጉን፣ ማን በማን ላይ ሥልጣን እንዳለው። ሌላው ሥራዋ ደግሞ ልጅ ማሳደግ ራሱ መንፈሳዊ ልምምድ ነው የሚል ነው። መንፈሳዊነት ማለት ገዳም ገብቶ ጸጥታ ማግኘት ብቻ ከሆነ ሕፃን ያዘለች ሴት መቼም አትደርስበትም ማለት ነው፣ በጫጫታው መሀል ነው የምትፈልገው። እኔ ስድስት ሰዓት ሌሊት ጡጦ እያጠበችም ውዳሴ ማርያሟን የምትል እህት አለችኝ፣ እሷ ይሄ ምርምር መሆኑን ብትሰማ ትስቃለች። ግን ካልተጻፈ አይቆጠርም፣ ካልተቆጠረ ደግሞ ለሚሰለጥነው ዲያቆን ማንም አያስተምረውም።

ደግሞ ከፈረንጅ መጣ ለሚለው የኛኑ ላንሳ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ተወልዳ በ1642 ያረፈች፣ ባሏ የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል የነበረ፣ ሦስት ልጅ ወልዳ ሦስቱም የሞቱባት፣ ንጉሡ ካቶሊክ ሲሆን ባሏንም ቤተመንግሥቱንም ትታ መንና ጣና ዙሪያና ሌላም ቦታ ሰባት ማኅበር ያቆመች እናት ናት። የተቀበላት የሸሸው፣ ያዘነው፣ የታመመው ሁሉ ነው። ገድሏ በ1672 ተጻፈ፣ እንግሊዝኛው ሙሉ ትርጉም አሜሪካ ታትሞ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምሩበታል፣ እኛ ጋ በዓሏን አክብረን እንገባለን። ክርስቶስ ሠምራስ? ባለትዳር፣ የልጆች እናት፣ በቁጣ አገልጋይዋን ገድላ በዛ ጸጸት የመነነች፣ መጨረሻ ላይ ሰይጣንን ከእግዜር ላስታርቅ ብላ የተነሳች። በደልንና ይቅርታን በተመለከተ ይሄን የመሰለ ጽሑፍ ያለው ሕዝብ የምክር ነገረ መለኮት ከየት ይምጣልኝ ብሎ ሲጨነቅ አይገባኝም። ጎጃም ጽላሎ እማሆይ ገላነሽ ዓይነ ስውር ሆነው ለወንድ ደቀመዝሙር ቅኔ ሲያስተምሩ ማን ቄስ አደሉም ብሎ ጉባኤያቸውን አስፈታ?

ከሁሉ በላይ ግን የሴቶቹን የጽዋ ማኅበር ተመልከቱ። ቄሱ ባርከው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀምሶ፣ እሳቸው ሌላ ቤት ፕሮግራም አለብኝ ብለው ከወጡ በኋላ ነው ዋናው ጉዳይ የሚጀመረው። ማን ልጇ ሱስ ገባ፣ ማን ባሏ ሌላ ቤት አለው፣ ማን ከቤይሩት የተመለሰች ልጇ አላናግር ብላ ክፍል ዘግታ ተኛች። እዛ ክፍል ውስጥ ያለው የማዳመጥ ችሎታ፣ እዚህ አገር ባለ 400 ሰዓቱ ተማሪ ጋ አላየሁትም፣ አንዷ ስትናገር ሌላዋ ስኒ ማጠቧን እንዴት እንደምታዘገይላት። ጉድለትም አለበት፣ ምስጢር ሾልኮ ይወጣል፣ ታገሺው የሚለው ምክር እዛም ይበዛል። ሁለቱንም ነው የሚያጠና ሰው የሚያስፈልገው።

በነገራችን ላይ የጸሐፊው ስጋት ሙሉ በሙሉ መሠረት የለውም አልልም። እዚህ ተምረው አገር ቤት ሄደው ለሁሉም ችግር ድንበርሽን አስከብሪ፣ ጥለሽው ውጪ የሚሉ አሰልጣኞች ቪዲዮ አይቻለሁ፣ ቤቱ በባሏ ስም የሆነ፣ እድሯ እዛው ሰፈር የሆነ፣ ልጆቿ አማቷ ጋ የሚያድጉ ሴት የት ነው የምትወጣው? እንደዛ ያለውን ምክር እኔም እቃወማለሁ። ግን መፍትሔው ሴቶቹን አታስተምሩ አደለም፣ እዛው አገር ቤት፣ በራሳችን ቋንቋ፣ የራሳችንን ድርሳንና የራሳችንን ቤት ይዘው እንዲመራመሩ ማድረግ ነው። ጋናዊቷ መርሲ አምባ ኦዱዮዬ ይሄ ገብቷት ነው በ1989 አክራ ላይ የአፍሪካ ሴት የነገረ መለኮት ሰዎችን ማኅበር ያቋቋመችው፣ ስለኛ ሌላ ሰው ከሚጽፍ እኛ እንጻፍ ብለው፣ ከዛ ወዲህ ስንት መጽሐፍ ወጣ።

ስለ ቅስናው ደግሞ ላለመደባበቅ፣ መካነ ኢየሱስ ከ2000 ጀምሮ ሴት ቄስ ትሾማለች፣ ኦርቶዶክስ አትሾምም፣ ያንን ክርክር እኔ እዚህ አላነሳም። ኑዛዜ የካህን ነው፣ ማሰርና መፍታቱም የካህን ነው፣ አበቃ። ነገር ግን ካህኑ ሴሚናሪ እያለ ስለ ሞቶ የተወለደ ልጅ፣ ስለ ተደፈረች ልጅ፣ ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ጭንቀት የሚያስተምረው መምህር ቄስ መሆን አለበት የሚል ቀኖና እስቲ አሳዩኝ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ጋዜጠኛ መድባችሁ ቅድስት ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (የቀድሞው ሥላሴ ኮሌጅ)፣ መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ፣ ሌሎቹም ጋ ሂዱና ዲኖቹን ጠይቁልኝ፣ በቋሚነት የሚያስተምሩ ሴት መምህራን ስንት ናቸው፣ የእረኝነት ምክር ኮርሱ ስንት ሰዓት ነው፣ ተማሪው ሆስፒታል ወይ ማረሚያ ቤት ገብቶ በሱፐርቫይዘር ይሠራል ወይስ ክፍል ውስጥ ተነቦ ያልቃል፣ በሴቶች ጉዳይ ዶክትሬት ይዛ ለምትመለስ ሴት ደሞዝ ያለው የሥራ መደብ አለ ወይ። ጥሩ መልስ ካላቸውም አትሙት፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ እዚህ ትምህርታቸውን ጨርሰው ልመለስ አልመለስ እያሉ የሚያመነቱ ሁለት እህቶች አውቃለሁ፣ ጋዜጣውን ልኬላቸው እንዲያመለክቱ እነግራቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንባቢያችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ